አጎት የለበሰው የሊሲላ ፊት

ያን ዕለት ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች እኔ ቤት ባልተገናኙ ነበር። ፋኖዲኮስ የመጣው ለበዓሉ የሠራሁለትን ጭምብል ሊለካ ነው። ኤርጎክሌስ ግን ወደ ተማሪዎቹ ሲሄድ ከቴአትሩ ቁልቁለት በታች ዶፉ ያዘውና ባየው የመጀመሪያ ክፍት በር ገባ። የመጀመሪያው ክፍት በር የኔ ነበር። ሰው ወደኔ የሚመጣው መቼም እንዲህ ነው፤ ወይ ሊለካ፣ ወይ ሊጠለል።

ስሜ ቲሞክሲኖስ ነው። ለአቴና ቴአትር ጭምብል እሠራለሁ። በፍታ ጨርቅ ሙጫ ውስጥ እየነከርኩ በጭቃ ቅርጽ ላይ እደራርባለሁ፤ ሲደርቅ አላቅቄ የወንዱን ቡናማ፣ የሴቷን ነጭ አድርጌ እቀባለሁ፤ ጠጉር እተክልበታለሁ። ፊደል እስከ አሥር ዓመቴ ተምሬአለሁ። ከዚያ አባቴ ከትምህርት አውጥቶ ሙጫ ማፍላት አስያዘኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢያነክስ ያነከሰው በእኔ ጥፋት አይደለም።

ፋኖዲኮስ የአጎቴ ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መድረኩ ሥር ከሚዘምሩት አሥራ አምስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አሠልጣኙ በአሥራ አራቱ ፊት ድምፅህ እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ነው ብሎ አስወጣኝና ቦታዬን ለፋኖዲኮስ ሰጠው። እነሆ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። እሱ የንግሥቶችና የመበለቶች ተዋናይ ሆነ፤ ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ ነጩን ፊት እየለበሰ ያለቅስላታል፤ ሦስት ጊዜም የበዓሉን ውድድር አሸንፎ የሐረግ አክሊል ደፋ። ሦስቱንም ጊዜ ሕዝቡ ያየው ፊት የኔ ሥራ ነበር። አክሊሉን ሲደፉለት ጭምብሉን አውልቆ ብብቱ ሥር ይወትፈዋል፤ እንደ አሮጌ ቆብ።

ኤርጎክሌስ ከመጎናጸፊያው ላይ ውኃውን ሲያራግፍ ዓይኑ ከፋኖዲኮስ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ተመልሶ ሊወጣ አሰበ፤ ዝናቡን አየና ቀረ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለልጆች ፊደል ያስተምራል። ከባሕር ማዶ መጥተው ለጎልማሶች ክርክር ከሚያስተምሩት ሊቃውንት እግር ሥር ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ጥርሱ አንድም አልጎደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሊሲላ ቤቱ ናት።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊሲላ የፋኖዲኮስ ወንድም የፕራክሲያስ አንድያ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኤርጎክሌስን ያገባችው ባለፈው ዓመት ነው፤ ገና አልወለደችም። አባቷ ከሞተ ሃያ ቀን ሆነው። ወንድ ልጅ የለውም። በእኛ ሕግ ቤቱ ለሴት ልጁ አይወረስም፤ ከሴት ልጁ ጋር ይወረሳል እንጂ። የሟች የቅርብ ዘመድ የሆነ ወንድ ሹሙ ፊት ቀርቦ እኔ እወስዳታለሁ ካለ፣ ልጅቷን ሚስት አድርጎ ከቤቱና ከጉድጓድ ውኃው፣ ከወይኑ ሐረግ ጋር ይወስዳታል። ባል ያላት ብትሆንም ወንድ ልጅ ካልወለደች ከባሏ ቤት ትወጣለች። ፋኖዲኮስ ጥያቄውን አስገብቶ ነበር። ሹሙ ነገሩን የሚሰማበት ቀን አራት ቀን ቀርቶታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፋኖዲኮስ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው፤ በመካከል ሌላ ወንድ የለም። ይኼንን ኤርጎክሌስ አያውቅም። ፋኖዲኮስም ረስቶታል፤ እኔን መርሳት ልማዱ ነው። እኔ ግን አልረሳሁም።

ሰላምታቸው ጨዋ ነበር። ፋኖዲኮስ ስለ ሐዘኑ ጠየቀ። ኤርጎክሌስም ሊሲላ በሐዘን ጠጉሯን እንደ ቆረጠች፣ ሽመናዋ ላይ እንደምትውል፣ ብዙ እንደማትናገር ነገረው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ወንድሜ በደንብ አሳድጓታል አለ ፋኖዲኮስ። ለሁለቱም የገብስ ቂጣና ጥቂት ወይራ አቀረብኩ። ኤርጎክሌስ አልነካም።

"አባቴ" አለ በመጨረሻ፣ "ዝናቡ አንድ ጣራ ሥር ካስቀመጠን፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቀየሙኛል?"

"ጠይቅ። ንግግር ግን እንዳታደርግብኝ፤ ንግግር የኔ ሥራ ነው።"

"ለምን ይወስዱብኛል?"

ፋኖዲኮስ ወይራውን ቀስ ብሎ አኘከ። ትንሽ ቃል እንኳ ሲናገር ሰው ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ነው ያለው፤ እንደ ሞቀ ማር። በበኩሌ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጉሮሮዬን እይዛለሁ።

"ልጄ፣ ልጅቷን ተመኝቼ እንዳይመስልህ" አለ። "አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ያመኛል፤ ምሳ ከበላሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ነገር ግን የወንድሜ ምድጃ ሲጠፋ፣ መቃብሩ ላይ ወይንና ማር የሚያፈስ ሲታጣ፣ ስሙ ከጎሳው መዝገብ ሲፋቅ ቁጭ ብዬ ልይ? ለዚህ ነው አባቶቻችን ይኼን ሕግ ያወጡት። ቤት እንዳይሞት።"

"ምድጃው እንዳይጠፋ ሊሲላን ነው የሚያነድዱት?"

"አየህ፣ ንግግር ጀመርክ።"

ኤርጎክሌስ ይቅርታ ጠየቀ። እንደ ተማረ ሰው ከሌላ በኩል ዞሮ መጣ። የወይዘሮ አርኪፔን ነገር አነሣ፤ አርኪፔ የፋኖዲኮስ ሚስት ናት፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አልወለዱም። እሷስ የት ትገባለች ብሎ ጠየቀ።

"ወደ ወንድሟ ቤት ትመለሳለች" አለ ፋኖዲኮስ። "በክብር። ጥፋት እንደሌለባት ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። እሷም ተስማምታለች።"

"እሳቸው ምን ብለው ተስማሙ?"

"ምን ትላለች? ዝም አለች።"

ይኼንን ሲል የያዝኩት የቀለም ብሩሽ ከእጄ ወደቀ። አርኪፔን በወጣትነቴ ከአባቷ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። አባቷ ሙጫ ከሚሸት ሰው ይልቅ ዘማሪው ይሻላል ብሎ ለእሱ ሰጣት። ቤታቸው ከኔ ቤት ጎን ስለሆነ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በግድግዳ ማዶ ውኃ ስትቀዳ፣ ዶሮ ስታባርር፣ ከገረዷ ጋር ስትስቅ ሰምቻለሁ። እኔ የተነፈግኩትን እሱ አሁን ልኩ እንዳልሆነ ጫማ ሊመልሰው ነው። ብሩሹን አነሣሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ፋኖዲኮስ ግን ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ለመጻፍ ደስ ባይለኝም እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ኤርጎክሌስን ትከሻውን ይዞ እንደ አባት ነገረው፦ እኔ በዘመኔ ሠላሳ ሴት ሆኛለሁ፤ ባሏን የቀበረች ሆኛለሁ፣ ከተማዋ ተቃጥሎ በምርኮ የተነዳች ሆኛለሁ፣ ልጇን ከእጇ የተነጠቀች ሆኛለሁ፤ ከሠላሳዎቹ አንዷም ከተወሰነላት ፈቀቅ አላለችም፤ ሴት ልጅ ስትወለድ ክሯ ተፈትሎ አልቋል፤ እሷም አንተም እኔም ክሩን መከተል ብቻ ነው፤ ይኼ ዕጣ ፈንታ ነው።

"ማነው የፈተለው?" አለ ኤርጎክሌስ።

"አማልክት ናቸዋ።"

"እኔ እርስዎን ማየት የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፣ አባቴ። አንድም የቴአትር ጨዋታዎ አላመለጠኝም። እስኪ አብረን እናስታውስ። ትንቢት ይነገራል፤ እሺ። ነገር ግን ትንቢቱን ሰምቶ በሩን የሚከፍተው ማነው? አባቷ ነው። እጇን ይዞ የሚጎትታት? ወይ ንጉሡ፣ ወይ አጎቷ፣ ወይ የጦር አለቃው። መልእክተኛው ሮጦ ይመጣና ሞተች ይለናል። ከአማልክት አንዱ እንኳ እጇን ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚይዛት ሰው ነው፤ ከያዛት በኋላ ዕጣዋ ነው ይላል። ቴአትሩን የሞላው ወንድ ሁሉ እርስዎን እያየ ያለቅሳል። ከዚያ እንነሣና እንባችንን ጠርገን፣ ቤታችን ገብተን፣ ያንኑ እናደርጋለን።"

ይኼ እውነት ነው። እኔም አለቅሳለሁ። እኔ የማለቅሰው ግን ለንግሥቲቱ አይደለም፤ ያን የመሰለ ድምፅ ለምን ለእሱ ተሰጠ ብዬ ነው።

"ሕጉን እኔ አላወጣሁትም" አለ ፋኖዲኮስ፤ ትንሽ ተቆጥቷል። "እኔ ብተወው ሕጉ ይቀራል?"

"ሕጉ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። ባይጠይቁ የሚቀጣዎ የለም።"

"የሞተው ወንድሜስ?"

"የሞተው አማቴ ልጁን ለእኔ በእጁ ሰጠኝ። ምስክር ጠርቶ፣ መሥዋዕት አቅርቦ። ያን ቀን እርስዎም ነበሩ፤ ሁለት ቀንድ ወይን ጠጥተው ዘፈኑልን።"

ፋኖዲኮስ ነገር ሲጠብበት ወደ ሥራው መሸሽ ልማዱ ነውና እጁን ወደኔ ዘርግቶ ጭምብሉን አምጣው፣ ልለካው አለኝ።

የዘንድሮው ጨዋታ የከተማዋ ምንጭ ስለ መድረቁ ነው። ትንቢቱ የንጉሡ ልጅ ከባሏ ቤት ወጥታ ለብቻዋ ወደ ምንጩ ዋሻ ካልገባች ውኃው አይመለስም ይላል። እሷም ሕዝቡን ተሰናብታ ትገባለች። ፋኖዲኮስ ጭምብሉን ከመደርደሪያው አውርጄ ስሰጠው ሳያየው ራሱ ላይ ደፋው፤ ሁልጊዜም ሳያይ ነው የሚደፋው። ከዚያ ለጉሮሮው ይመቸው እንደሆነ ሊሞክር ከመሰናበቻው አንዱን ቃል አለ።

"የተፈተለልኝ ክር ይኸው ነው፤ አልበጥሰውም፤ እሄዳለሁ።"

ኤርጎክሌስ ከመቀመጫው ተነሣ። ፊቱ ከጭምብሉ ይበልጥ ነጣ።

"ይኼ የማን ፊት ነው?" አለኝ።

እኛ ጭምብል ሠሪዎች ከአባታችን የምንማረው አንድ ሥርዓት አለን፦ ጭምብል የማንም ፊት አይደለም። ግንባሩ ከአንዱ፣ አገጩ ከሌላው ነው። በተለይ የጨዋ ሰው ሚስት ፊት፣ ስሟ እንኳ በወንዶች መካከል የማይጠራ ሴት ፊት፣ ከቶ አይነካም። እኔ ይኼን ሥርዓት አፈረስኩ። በፕራክሲያስ ቀብር ላይ ሊሲላ መከናነቢያዋን ጥላ፣ ጠጉሯን ቆርጣ፣ ከሴቶቹ ፊት ቆማ አየኋት። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ይላል። የታችኛውን ከንፈሯን በአንድ በኩል ነክሳ ነበር። ቤቴ ገባሁና እጄ ያንን ሠራ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ፋኖዲኮስ ሰውነቷን ሊወስድ ነው፣ እኔ ቢያንስ ፊቷን ልውሰድ ያልኩ ይመስለኛል። የሚያውቃት ሰው ጥቂት ስለሆነ ማንም አይለየውም ብዬ ነበር። ከሚያውቋት ጥቂቶች ሁለቱ እዚህ ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም።

ፋኖዲኮስ ጭምብሉን አውልቆ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ሲያየው አየሁ። ረጅም ጊዜ አየው።

"የፕራክሲያስ ቅንድብ ነው" አለ። "ልጅ ሆነን እናቴ በዚህ ቅንድቡ ትቀልድበት ነበር።" ከዚያ ቁጭ አለ፤ ድምፁም ተለወጠ። "ምልክት ነው። እኔ አላዘዝኩም፣ አልጠየቅሁም፤ የወንድሜ ልጅ ፊት በራሱ መጥቶ ራሴ ላይ ተቀመጠ። አንተ ልጅ፣ አማልክት እጃቸውን ሲሰዱ አላየሁም አልክ። ይኸው እይ። ከዚህ በላይ እንዴት ይናገሩ? ዕጣዋ ወደኔ ነው።"

ያ ሁሉ ትምህርት ኤርጎክሌስን ለምልክት መልስ አላስተማረውም። ፋኖዲኮስ ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ቅዱስ ዕቃ በሁለት እጁ ያዘው።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ባለቀ ነበር። ዝም ማለትም አስቤ ነበር። ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬን ሰዎች ለእሱ ሲሰጡት ችያለሁ፤ አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ለዕጣ ፈንታ ሊሰጠው ነው። ይኼን አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩ።

"አንተ መሆንክን አውቃለሁ፤ እጅህን የመራው ግን..."

"ማንም አልመራኝም። ቀብሩ ላይ አፍጥጬ አየኋት። እዚህ መጥቼ በእነዚህ ጣቶች ሠራኋት። ያን የምትሳለመውን ቅንድብ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሁለት ጊዜ ፍቄ አስተካክያለሁ። አማልክት ቢሆኑ በአንድ ጊዜ ያሳምሩት ነበር።"

"ለምንድነው እንዲህ ያደረግኸው?"

"ቀንቼብህ ነዋ" አልኩት።

ይኼን ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ፋኖዲኮስ እኔ በእሱ እቀናለሁ ብሎ አስቦ የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ እንዲያው ግራ ተጋብቶ "በኔ? በምኔ?" አለ። ይኼ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደደኝ።

ኤርጎክሌስ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ነገር እንደሚከሰኝ ጨዋ በሆነ ቃል ነገረኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ፤ አሁን ድምፁ ዝግ ብሏል።

"አባቴ፣ ሰምተዋል። የአማልክት እጅ ያሉት የጎረቤትዎ ቅናት ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው ዝም ቢሉ ኖሮ እርስዎ እስከ ዕለተ ሞትዎ አማልክት መረጡኝ ብለው ይኖሩ ነበር፤ ሊሲላም የኔ ዕጣ ይኼ ነው ብላ ትኖር ነበር። በእናቶቻችን ላይ ዕጣ ፈንታ ነው ተብሎ የወረደው ሁሉ ስንቱ እንዲህ ይሆን? የአንዱ ምቀኝነት፣ የሌላው ስንፍና፣ የሦስተኛው የቤት ምኞት። ሠሪው ዝም ስላለ ብቻ የአማልክት ሆኖ የቀረ።"

ዝናቡ አባርቶ ከጣራው ጠብ ጠብ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፋኖዲኮስ ጭምብሉን አገላብጦ አየ።

"እሷ ምን ትላለች?" አለ በመጨረሻ።

ኤርጎክሌስ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። እኔም አልጠየቅኋትም አለ፤ ሐዘን ላይ ስለሆነች፣ ደግሞም እኔ እከራከርላታለሁ ብዬ ነው አለ። ሁለት ዓመት ክርክር የተማረው ሰው ሚስቱን አልጠየቃትም። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

እሷኑ ልንጠይቅ ሦስታችንም ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። የኤርጎክሌስ ቤት ቅርብ ነው። ሁለታችን ዘመዶቿ ስለሆንን እስከ ውስጠኛው ግቢ ብንገባ ነውር የለበትም። ሊሲላ ሽመናዋ ጎን ተቀምጣ ትፈትል ነበር። አጎቷን ስታይ ተነሣች፤ እንዝርቱን ግን አላስቀመጠችም። ለመወሰድ የተዘጋጀች ሰው ትመስል ነበር፤ በሩ አጠገብ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ማንም ጓዝ እሰሪ አላላትም ነበር።

ፋኖዲኮስ ይዞት የመጣውን ጭምብል ዘረጋላት። እሷም ተቀብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። አንድ ጣቷን ከንፈሩ ላይ፣ የተነከሰው ቦታ ላይ አደረገች።

"እዚያ መድረክ ላይ ሲወጡ" አለች፣ "ይኼ ፊት ምን ይላል?"

ሴቶቻችን ቴአትር አይመጡምና አታውቅም። ፋኖዲኮስም ነገራት፤ ድምፁን ሳያሳምር፣ እንደ ተራ ሰው።

"የተፈተለልኝ ክር ይኸው ነው፤ አልበጥሰውም፤ እሄዳለሁ ይላል።"

"እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም።"

"ጨዋታ ነው፣ ልጄ። ዕጣዋን ስትቀበል ነው እንዲህ የምትለው።"

"አጎቴ፣ እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እፈትላለሁ። ክር ራሱን ሲፈትል አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ሰው ይይዘዋል፣ ሰው ያከርረዋል። ሲበላሽም ተፈትቶ እንደገና ይፈተላል፤ ትናንት አንድ ሙሉ ልቃቂት ፈትቻለሁ። የኔን ክር ማን ይዞታል ብዬ ሃያ ቀን አሰብኩ። እርስዎ ነዎት የያዙት። ይልቀቁኝ።"

"የአባትሽስ ቤት?"

"የአባቴን ቤት ማን ይረሳል ብለው ነው? ወንድ ልጅ ስወልድ ለአባቴ ልጅ ሆኖ በስሙ ይጻፍ። መቃብሩ ላይ ወይን የሚያፈስ የገዛ የልጅ ልጁ ይሆናል። ይኼም በሕጋችን ይፈቀዳል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ለመጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከዚያ ምድጃውን እኔ በየቀኑ ሄጄ አነድዳለሁ። እስካሁንስ ማን እያነደደው ይመስልዎታል?"

ፋኖዲኮስ ይኼን አላሰበውም ነበር። የወንድሙ ምድጃ ሃያ ቀን ሙሉ አለመጥፋቱን አውቋል፤ ማን እንደሚያነድደው ግን አልጠየቀም። ወደ ጓዙ አየ፣ ወደ እንዝርቱ አየ። ከዚያ ሹሙ ዘንድ ሄጄ ጥያቄዬን አነሣለሁ አለ። ኤርጎክሌስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊነካ ሲል ሽማግሌው ያዘውና ቀና አደረገው።

"ቆይ፣ አትቸኩል" አለው። "እኔ ብወጣ ነገሩ አያልቅም። ከኔ ቀጥሎ..."

ያኔ ትዝ አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የረሳኝ ሰው ያኔ ትዝ አልኩትና ዞሮ አየኝ። ሦስቱም አዩኝ።

እኔም ቤቱን አየሁት፤ በልቤ። ጉድጓዱን፣ የወይኑን ሐረግ፣ በፀሐይ የሚሞቀውን ደጃፍ። ነገ ሹሙ ፊት ብቆም ማንም አይከለክለኝም። ፋኖዲኮስ የተወውን እኔ እወስዳለሁ፤ ከተማው ሁሉ ያወራል፤ ኤርጎክሌስም ያልጎደለ ጥርሱን ይዞ ይቀራል። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው። ስለ ጣፋጭነቱ ልዋሻችሁ አልችልም።

"አቶ ቲሞክሲኖስ" አለች ሊሲላ፤ በስሜ የጠራኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ጭምብሉ እጇ ላይ ነው። "ቀብሩ ላይ ሲያዩኝ አይቼዎታለሁ። ምን ፈልገው ነበር?"

ውሸት ልፈልግ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

"የሌላ ሰው የሆነውን ሁሉ አያለሁ" አልኩ። "ልማዴ ነው።"

"እኔ የማንም አልነበርኩም፤ አባቴን እየቀበርኩ ነበር" አለች።

ያን ጊዜ ከንፈሯን ለምን እንደነከሰች ገባኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ያን ከንፈር ስሠራ ያልገባኝ ነገር ነው። እንዳትጮኽ አፏን መዝጋቷ ነበር፤ ወንዶቹ እያየናት ስለነበር። እኔም እሷንም ቤቱንም አልጠይቅም አልኩ። ሁለተኛም እንድደግመው ሳይጠይቁኝ ሹሙ ፊት እናገራለሁ አልኩ። ፋኖዲኮስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለፈረስ እንደሚያደርጉት። ያመሰገነኝ ሰው የለም።

በአራተኛው ቀን ሁለታችንም ቀርበን መብታችንን ተውን። ሹሙ ሁለት ወንዶች ጉድጓድና ወይን ያለበትን ቤት ሲተዉ አይቶ የታመምን መሰለው።

አሁን ዓመታት አልፈዋል፤ የሆነውን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይኼን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሊሲላ በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ፕራክሲያስ ተባለ፤ በአያቱ ስም ጎሳው ዘንድ ተጻፈ። ምድጃው አልጠፋም። ፋኖዲኮስ በግድ ወስዷት ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው ዝም የምትል ልጅ፣ የተቀየመ የሚስቱ ወገን፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠላው ወጣት ነበር፤ አሁን ግን እርጅናውን የምትጦር፣ እንደ ገዛ ልጁ የምትቀርበው የወንድም ልጅ አለችው፤ ሕፃኑም ጺሙን ይጎትታል። አርኪፔ ከቤቷ አልወጣችም። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ ድሮ ዝም ትል የነበረችው ሴት አሁን በግድግዳው ማዶ ባሏን ስትከራከረው እሰማለሁ፤ እሱም ሲመልስላት እሰማለሁ። በእኛ ሰፈር ሌሎች ሁለት አባቶች ከመሞታቸው በፊት የሴት ልጃቸውን ልጅ በስማቸው አስጽፈዋል፤ ልጆቻቸውንም አስቀድመው ጠይቀዋል። ቤት በዚህ መንገድ ይኖራል፤ ቤቱ ውስጥ ያለችውም ሴት ከቤቱ ጋር ትኖራለች። ዕጣ ፈንታ ነው ለምትሉ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሠሪውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሰፈራችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ።

ለበዓሉ ሌላ ጭምብል በአራት ቀን ሠራሁለት፤ ቅንድቡ እኩል፣ የማንም ፊት ያልሆነ፣ መካከለኛ ሥራ። ፋኖዲኮስ በዚያ መካከለኛ ፊት አራተኛውን የሐረግ አክሊል ደፋ። መሰናበቻውን ከቀድሞው በተለየ ድምፅ ነው ያለው፤ ዕጣውን እንደሚቀበል ሳይሆን እንደሚጠይቅ፤ ሕዝቡም እስከዚያ ድረስ አልቅሶ የማያውቀውን ያህል አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። በምን ምክንያት እንደሆነ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የቀድሞው ጭምብል፣ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው፣ ሊሲላ ዘንድ ቀረ። መልሰሽ ስጪኝ ለማለት አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ልጁን ልጠይቅ ሄጄ ጭምብሉን አየሁት፤ ገልብጣ ሽመናዋ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ልቃቂቶቿን ትይዝበታለች። ጥሩ ይይዛል አለችኝ፤ ሙጫው ጠንካራ ነው አለችኝ። ስለ ሥራዬ ሰው ጥሩ ነገር ሲነግረኝ ያ የመጀመሪያው ነው።